የኮሪደሩ መታጠፊያ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ዝናብ። ሰው ሁሉ ጭቃውን ይዞ ገባ፤ ደጃፉን አራት ጊዜ ወለወልኩ። ዛሬ ስምንት ሰው ቀዶ ህክምና ተደረገለት፣ ስምንቱም ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወጣ። የቀን ቀዶ ህክምና ማለት ይኸው ነው፤ ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። ፈቃዳችን የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። "እያንዳንዷ ነገር እንደ መስፈርቱ ትሁን" አለ። ዶክተሩ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ይላል። ማዕከሉ የሱ ነው። "ቤታችሁ ነው፣ እንደ ቤታችሁ ያዙት" አለን።

ቤታችን... እህቴን ያስቀረብኝ ቤት።

ጥቅምት 8

ከቢሮው ቅርጫት ውስጥ የመስፈርቱን ቅጂ አገኘሁ። ቀለሙ ደብዝዞ ስለወጣ ጥለውታል። ስልሳ ሁለት ገጽ። ከመጥረጊያ ጨርቆቹ ስር ደብቄ ወሰድኩት።

ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ነው። ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ሰው ከጣለው ቅጽ። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ የትኛው ገጽ እንደሚዘለል አላውቅም። ሁሉንም አነባለሁ።

ጥቅምት 11

ስለ እጅ መታጠቢያ፣ ስለ ጄነሬተር፣ ስለ ኦክስጅን፣ ስለ ነርሶች ብዛት... ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ድንገተኛ ችግር የገጠመው ታካሚ ከማገገሚያ ክፍል እስከ አምቡላንስ፣ በስትሬቸር ላይ እንደተኛ፣ ያለ አንዳች መሰናክል በሦስት ደቂቃ ውስጥ መውጣት አለበት። ይህም በተቆጣጣሪዎች ፊት በተግባር ይታያል።»

ደግሜ አነበብኩት። ሦስት ደቂቃ! የኔ እህት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የቆመችው።

ጥቅምት 12

ልጻፈው። እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም።

ሚያዝያ 19። እኔ ነኝ ያመጣኋት። "ጎበዞች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ እኮ" ብዬ። የሐሞት ጠጠር ነበረባት። ቀዶ ህክምናው በደህና አለቀ፤ ማገገሚያ ክፍል ከገባች በኋላ ግን ግፊቷ ወረደ፣ ሆስፒታል መድረስ አለባት ተባለ። አምቡላንሱ ፈጥኖ መጣ። በር ላይ ቆመ። ያልደረስነው እኛ ነን።

ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ዶክተሩ ለመድኃኒት መሸጫ ብሎ ያስገነባው ግድግዳ አለ። በሩ ሰፊ፣ ኮሪደሩም ሰፊ። መታጠፊያው ላይ ግን ስትሬቸሩ አይዞርም። ሰው ሁሉ በእግሩ ስለሚወጣ ማንም ልብ አላለውም። ተኝታ የወጣች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ወደፊት ገፉ፣ ወደኋላ ሳቡ። "አዘንብሉት!" አለ ዘበኛው። አዘነበሉት። የኦክስጅኑ ጭንብል ከፊቷ ወደቀ። እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፣ ፊት ለፊቴ የግድግዳ ሰዓት። ዘጠኝ ከአሥር... ዘጠኝ ከሃያ አንድ። አምቡላንሱ ውስጥ አረፈች።

"ልቧ ደካማ ነበር፤ አምቡላንሱም ዘገየ" ተብሎ ተጻፈ። ዶክተሩ ወረቀቱን አቀረበልኝ። "እዚያው ነበርሽ፣ ፈርሚ። እንጀራሽን አትዝጊ።"

ፈረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ቀቢ መጣ። ስትሬቸሩ የጫረውን ግድግዳ በነጭ ቀለም ሸፈነው። ማፍረስ እኮ አይደለም... መቀባት!

ጥቅምት 20

የእህቴን ልጅ መንገድ ላይ አየኋት። ስታየኝ ወደ ማዶ ተሻገረች። ለቅሶው ላይ "አንቺ ነሽ ያስገባሻት" ካለችኝ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። አምቡላንሱ ነው የዘገየው ብላ ታምናለች። ለምን አታምን? የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 26

ዶክተሩ ያልደረቀ ወለል ላይ በጫማው ሄደበት። እንዳላየ ሆኖ ዞረና "ዝሜ፣ እዚህ ጋ መስታወት አድርጊልኝ" አለኝ። ዝሜ የሚሉኝ ስለማልናገር ነው። አብረውት ለመጡት እንግዶች ደግሞ "ይቺን ሴትዮ ብትቆነጥጧትም ድምፅ አይወጣትም" አላቸው። ሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁት። ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ኅዳር 2

ልምምድ ነበር። መጀመሪያ ባዶውን ስትሬቸር ገፉት። መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ። ዋናዋ ነርስ፣ ሲስተር፣ ቆም ብላ "ዶክተር፣ አያልፍም እኮ" አለች። ቀና ብላ ወደኔ አየችና ቶሎ አጎነበሰች።

"ያልፋል" አለ እሱ። "ራስጌውን ቀና አድርጊው፣ ግርጌውን ወደ ታች እጠፊው። የተኛው ሰው ጉልበቱን ሰብሰብ ያድርግ። አለቀ።"

"ማን ይተኛ? እንግዳ ተቀባይዋ ፋይል ታሳያለች፣ እኛ እንገፋለን..." አለች ሲስተር።

"ዝሜ ትተኛ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። "ትተኛ። ታማኝ ናት።"

ታማኝ! ስለፈረምኩ ነዋ።

ተኛሁ። ጉልበትሽን አሉኝ፣ አጠፍኩ። በሦስተኛው ሙከራ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። አጨበጨቡ። ዘበኛው "ዝምዬ፣ እንደ ኤሊ ተሰበሰብሽ እኮ!" ብሎ አሳቃቸው።

ኅዳር 5

ወለል ስወለውል መጣልኝ። ባልዲው አጠገብ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ራሷን የሳተች ሴት ጉልበቷን ታጥፋለች?

አታጥፍም። እህቴ አላጠፈችም።

ይኸው ነው። ክስ አልጽፍ፣ አደባባይ አልጮህ። ዝም ብዬ እተኛለሁ። ዝም ማለቱን እንደሆነ እነሱ ራሳቸው መስክረውልኛል።

ኅዳር 7

ሲስተር ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ ሥራ የለውም። ዘበኛው እናቱን ይጦራል። ማዕከሉ ቢዘጋ... ይሄ ሲያሳስበኝ ዋለ። ያኔ እነሱስ ለእህቴ አሰቡ? ሲስተር አልቅሳለች፣ አይቻለሁ። ግን ማልቀሷን ወረቀቱ ላይ አላሰፈረችውም።

ኅዳር 10

ነገ ነው። ፀጉሬን ታጠብኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 11

ሁለት ሆነው መጡ። አንዷ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ትልቅ ሴት፣ አንዱ ሜትር የያዘ ረጅም ሰው። እሱ በሩን ለካ፣ ኮሪደሩን ለካ፣ "ጥሩ፣ ጥሩ" እያለ ጻፈ። መታጠፊያውን አልለካም። ዶክተሩ ያብባል።

ከምሳ በኋላ ሴትዮዋ "አሁን ታካሚያችሁን አሳዩኝ" አለች። ተኝቻለሁ። አንሶላ እስከ ደረቴ፣ ቀበቶ ወገቤ ላይ። አጎንብሳ አየችኝና "ማደንዘዣው ውስጥ ነሽ፣ ምንም አትሰሚም፣ ምንም አታዪም። እሺ እናቴ?" አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰዓቱን አስነሳች።

ጎማው ይንጫጫል። በጣሪያው መብራት ስር ሳልፍ በዓይኔ ቆብ ውስጥ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ቆመ። መታጠፊያው።

"ጉልበትሽን" አለች ሲስተር በሹክሹክታ።

ዝም።

"ዝሜ... ጉልበትሽን፣ በናትሽ!"

አንዱ እግሬን ቆነጠጠኝ። ዝም። ስትሬቸሩ ግድግዳውን ጓ! አደረገው። ወደኋላ ሳቡኝ፣ እንደገና ጓ። የዶክተሩ ሽቶ ሸተተኝ፤ ጆሮዬ ስር ሆኖ "አንቺ ሴትዮ፣ ታጠፊ!" አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

"ታካሚዋን አታናግራት፣ ራሷን ስታለች" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ።"

ይሄኔ ዘበኛው ላቡ እየተንጠባጠበ ከግርጌ በኩል ጮኸ፦ "ኧረ አዘንብሉት! እንደዚያን ቀን አዘንብሉት!"

የሚገፋኝ እጅ ሁሉ ቆመ።

"የትኛው ቀን?" አለች ሴትዮዋ።

ዘበኛው እጁን ከግርጌው አነሳ። ዶክተሩ "አይ፣ ልምምድ ላይ..." ብሎ ጀመረ።

ዓይኔን ገለጥኩ። "ሚያዝያ 19" አልኩ። "ከዘጠኝ ከአሥር እስከ ዘጠኝ ከሃያ አንድ። እህቴ ነበረች።"

ድምፄ እንዲህ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አደረገች። ዶክተሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው ያየችው፤ ነጩ ቀለም ተልጦ አሮጌው ጭረት ወጥቷል። ዶክተሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ከንፈሩ ደርቆ... ጠጣሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁት።

ኅዳር 12

ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ኅዳር 18

ፈቃዱ አልታደሰም። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው አሽገውታል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሲስተር እዚያው አገኘችኝ። "ደስ አለሽ?"

"አዎ።"

"እኛ ምን አደረግንሽ?"

"ሁለታችንም ያደረግነውን። ዝም አልን።"

እንባዋ መጣ። ላቅፋት አሰብኩ... ክንዴ አልነሳ አለኝ።

ታኅሣሥ 2

ለምርመራ ጠሩን። ዶክተሩ ከጠበቃው ጋር ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያንን ወረቀት አወጡት። "አምቡላንሱ መዘግየቱን ራሷ በፊርማዋ አረጋግጣለች፤ ዛሬ ሌላ ትላለች" አለ ጠበቃው። ዶክተሩ አንገቱን ቀና አደረገ። ያዝኳት ብሎ ነው።

መርማሪው ወደኔ ገፋው። "ፊርማው ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው። የተጻፈው ግን ውሸት ነው። ሁለቱንም ይጻፉልኝ።"

"አንቺንም ያስጠይቅሻል እኮ፣ ይገባሻል?"

"ይገባኛል። ቀጥሎ ይጻፉ፣ አስፈርሞኛል፤ እኔም ፈርሜያለሁ።"

ወረቀቱ እኔንም ይዞ ይውረድ፤ ብቻዬን ስለማልወርድ ግድ የለኝም። ዶክተሩ አንገቱን ሲደፋ አየሁ። ቃሌን ጽፈው ሲያነቡልኝ "ራሴ አነባለሁ" ብዬ ተቀበልኳቸው። አንድ ቦታ "አሥር ደቂቃ" ብለዋል። አሥራ አንድ አስባልኩ።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

በር ተንኳኳ። የእህቴ ልጅ።

አልተቀመጠችም። "መርማሪው ጠርቶኝ ነበር፣ አንብቤዋለሁ" አለች። "አክስቴ፣ እያወቅሽ ነው የፈረምሽው?"

"እያወቅኩ ነው።"

"ሰባት ወር ሙሉ?"

"ሰባት ወር ሙሉ።"

"ለምን?"

"ሥራዬን ፈራሁ።" ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። የለም።

ይቅርታ ልጠይቃት ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። እኔ ለዶክተሩ የማልሰጠውን እንዴት አድርጌ ከሷ እለምናለሁ? እሷም ይቅር አላለችኝም። ከዚያ ወንበሩን ስባ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ተቀመጠች። ፊቷ አልተፈታም።

"ንገሪኝ" አለች። "ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጀምረሽ። አንድም ነገር እንዳትዘይ።"

ነገርኳት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ።

ስጨርስ "እንደገና" አለች።