እንጉዳዩ ይሁን ኬሞው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱቄ የመጣውን የጥርስ ሐኪሙን ሶፋ አድሼ ጨረስኩ። ስፖንጁን እንደ ልማዴ ከልኩ አሳልፌ ጠቀጠቅኩት። ሰው ሲቀመጥበት ይሟሽሻል፤ ትርፍ ካልጨመሩበት በዓመቱ ጉድጓድ ነው።

ቤት ስገባ የሚስቴ ሾርባ እንደተቀመጠ ነው። "በላሁ" አለች። ማንኪያው ደረቅ። ሁለተኛውን የካንሰር ኬሞ ከወሰደች ወዲህ ምግብ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ሐኪሟ ደግሞ ኪሎዋ እንዲህ መቀነሱን ከቀጠለ ሕክምናውን ለማቆም እገደዳለሁ ብላለች። ከቆመስ? እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

የሚስቴ ወንድም መጣ። ፕሮፌሰር ነው የምንለው። አስተምሮ አያውቅም፤ ግን ስልኩ ላይ ያነበበውን ሁሉ እኛን ያስተምራል። በእጁ ቡናማ ዱቄት ይዟል።

"ጋሼ፣ ይሄ እንጉዳይ ነው። ሬሺ ይባላል።"

"ሾርባ ውስጥ የሚገባው?"

"ኧረ እሱ አይደለም! ይሄ እንጨት ነው የሚመስለው፤ ተፈጭቶ ይፈላል። ሰውነትን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ድካም ያጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል…"

ለጉልበቴስ አልኩት። ይሆናል አለ። ለየትኛው በሽታ እንደማይሆን ስጠይቀው ግን ስልኩን ያገላብጥ ጀመር። ትንሽ ከነከነኝ። ሚስቴ ግን ዓይኗ በራ። እንዲህ ካየኋት ስንት ጊዜዬ…

"ሐኪሟን እንጠይቅ" አልኩ።

"ልትከለክለኝ? አርፈህ ተቀመጥ!" አለች። አረፍኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ኩሽና ገባሁ። ከተጋባን ጀምሮ ውሃ አፍልቼ አላውቅም። ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ ከአልጋዋ ሆና አስተማረችኝ፤ እየሳቀችብኝ። ፕሮፌሰር ያለው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነው። ለዚህ ሁሉ በሽታ ግማሽ? ሞላሁት፤ ላዩ ላይም ትንሽ ጣል አደረግኩ። ቀመስኩት… እግዚኦ!

እስክትጨርስ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ካልጠበቅኳት አበባው ሥር ትደፋዋለች፣ አውቃታለሁ። ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ የጥርስ ሐኪሙን ሶፋ አወራኋት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

እንቁላል በላች! ሙሉውን!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ኪሎዋ ጨምሯል። ሐኪሟ ደስ አላት። "ምን ተገኘ?" ስትል ሚስቴ እግሬን ረገጠችኝ።

ፕሮፌሰር እንጉዳዩ ነው ይላል። ሐኪሟ ኬሞው እየሠራ ነው ትላለች። የማቅለሽለሽ ክኒኗም በቅርቡ ተቀይሯል፤ እሱ ቢሆንስ? ሶፋ ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር። ሰው አይፈታ… ለማንኛውም ማንኪያውን ትንሽ ጨመር አደረግኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ሦስተኛው ኬሞ ዛሬ ነበር። አልተሰጣትም። ጉበቷ ተቆጥቷል።

"ከኛ መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?" አለቻት ሐኪሟ።

"ኧረ ምንም!"

ሚስቴ እያየችኝ ነው። ዝም በል እያለችኝ ነው።

"ጉበቱ ካልተመለሰ ኬሞውን መቀጠል አልችልም።"

አላስችል አለኝ። "እንጉዳይ ትጠጣለች፣ ዶክተር።"

ስንት ብላ ጠየቀችኝ። ግማሽ የነበረው ለካ ሁለት ማንኪያ ደርሷል! እንዴት እንደደረሰ እኔም አላውቅ።

"ለምን ጨመሩ?"

"ይሟሽሻል ብዬ…"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። ጉበት ስፖንጅ ነው እንዴ? አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ለድካምና ለእንቅልፍ ይረዳ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የተረጋገጠ ነገር ግን የለም። ጉበት የጎዳበት ጊዜም አለ። ለጊዜው ያቁሙት" አለች።

ይረዳ ይሆናል… ይጎዳ ይሆናል… የተማረችው እንዲህ ካለች እኔ ምን ልበል?

ሚስቴ ታክሲ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "ከዳኸኝ" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አታናግረኝም። አትበላም። ሳህኑን ደጇ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ እንዳለ አነሳዋለሁ።

ፕሮፌሰር ደወለ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የልኩ እንጂ የእንጉዳዩ አይደለም።" ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ግን እውነቱን ቢሆንስ? ያስበላት እሱ ከሆነ የከለከልኳት እኔ። ጉበቷን የጎዳው እሱ ከሆነ ያጠጣኋት እኔ። በየት ብዞር እኔው ጋ ይመጣል። ብትሞትብኝስ? ይኸው ጻፍኩት። ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ጠዋት እግሬ ዝም ብሎ ኩሽና ወሰደኝ። ውሃ ጣድኩ። ሲፈላ ነው ዱቄቱን መጣሌ ትዝ ያለኝ። እንደ ቂል ቆሜ ቀረሁ።

"ምን ትሠራለህ?" አለች ከመኝታ ቤት። ተናገረች!

"ውሃ አፈላሁ… ለካ የሚገባበት የለም።"

"እሱን ተወውና ና ቁጭ በል።"

"አኩርፈሽኝ የለ እንዴ?"

"አኩርፌያለሁ። ሳህን ደጅ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ውሻ ነኝ? ሶፋ ሶፋ እያልክ ስታደርቀኝ ነው እህሉ የሚወርድልኝ።"

ቁጭ አልኩ። ስለ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አወራኋት። ግማሽ ሙዝ በላች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የጉበቷ ቁጣ በርዷል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ሐኪሟ ግን የሚመጣው ሰኞ ኬሞው ይቀጥላል አለች። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት። "እንዲያ ያስበላት እንጉዳዩ ነው፣ ክኒኑ ነው፣ ወይስ ምንድነው?" "እኔም ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

ሱቄን አሁን አርፍጄ ነው የምከፍተው። ደንበኛ ይጮሃል፤ ይጩህ። ዛሬ ጠዋት ግን የማወራላት ሶፋ አለቀብኝ። አንድም አልመጣልኝ። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። እሷም ዝም ብላ በላች። ዳቦዋን ጨርሳ እጇን ወደኔ ሳህን ሰደደች።

ታዲያ ያስበላት ወሬውም አልነበረም ማለት ነው? ምኑም አልገባኝ። ሳህኑን ወደሷ ገፋሁላት።