ያልኖርኳቸው ስምንት ዓመታት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት።

ለመማር የሚሄድ ሰው ይሄን ሁሉ ወረቀት ለምን ይጠየቃል? አንተ ደብተር፣ ካወቅህ ንገረኝ። የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ አለ። ዲግሪዬ አለ። ከወንጀል ነፃ የሚለው ወረቀት አለ። የቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ፎርሙን ሦስቴ ሞልቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ከኤምባሲው ኢሜይል። በፓስፖርቴ መሠረት 12ኛ ክፍል የጨረስኩት በ25 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ምን እሠራ ነበር? በሁለት ሳምንት ውስጥ በማስረጃ ላስረዳ።

በ25! እኔ እኮ አሁን 24 ነኝ።

የተወለድኩት በ1993፣ በኛ አቆጣጠር። ወረዳው የልደት ወረቀቴን ሲሠራ በፈረንጁም ቦታ 1993 ብሎ ቁጭ። ፓስፖርቱም ያንኑ ገለበጠ። አይቼው ነበር፣ አልዋሽህም። ግን ወረዳው ሦስት ቀን ስሰለፍ ሰንብቼ፣ በቃ ብዬ ፈረምኩ። ደደብ።

ከሰዓት።

ወንድሜ ቢኒ በሳቅ ሞተ። እሱ 28 ነው። በወረቀት ታላቁ ሆኛለሁ። “እትዬ፣ ምሳ በልተዋል?” ይለኛል። ማንኪያ ወረወርኩበት። ሳተው። አባዬ ደግሞ፣ ዕድሜ ምን ያደርግልሻል፣ ዋናው ጤና ነው አለ። ትምህርቱ በመስከረም ይጀምራል ብዬ ጮህኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8።

ጳውሎስ የሚባል ሰው ጋ ሄድኩ። ከሰፈራችን ፋርማሲ በላይ ያለው የቪዛ አማካሪ። ሰውዬውን ገና ሳየው ጠላሁት፤ ፋይሌን ሳይከፍት “ቀላል ነው” አለ። የአክስቱ ልጅ ቡቲክ አለው። ስምንት ዓመት ሽያጭ ሠርታለች የሚል ደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው፣ እስከ ሰኞ። እሱ ካልተመቸሽ፣ አግብተሽ ነበር እንበል፤ ልጅ ስታሳድጊ። ማን ያጣራል?

በመንገድ ላይ አሰላሁት። በዚያ ደብዳቤ መሠረት ሥራ የጀመርኩት አራተኛ ክፍል ሆኜ ነው።

ግን እምቢ አላልኩትም። ላስብበት አልኩ። ይሄው ራሱ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10።

ጉለሌ፣ ወረዳችን። ዝናብ። ግማሽ ቀን ቆሜ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሴትየዋ ወረቀቴን አየች፣ እኔን አየች። “ስትፈርሚ ዓይንሽ የት ነበር?” ልክ ናት፤ ለዚህ ነው ያቃጠለኝ። እዚህ እንዲህ ያለ ስህተት ተሠርቶ አያውቅም አለች። ከኋላዬ ያለው ረጅም ልጅ ወዲያው የራሱን አወጣ። ያው ነው! በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ዓመተ ምሕረት። ከሱ ኋላ ያለችው ልጅ ደግሞ “እኔማ ከእናቴ በአሥር ዓመት ብቻ ነው የማንሰው” አለች። ሰልፉ ሳቀ። ሴትየዋ አልሳቀችም። ሁላችሁም ፈርማችኋል፣ ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ምስክር ይዛችሁ ተመለሱ አለችን። ከዚያ ፓስፖርት እንደ አዲስ። እስከ መስከረም ይደርሳል ወይ አልኳት። መስኮቱን ዘጋችው።

ሦስታችንም ለየብቻ ተበታተንን። ስልካቸውን እንኳ አልያዝኩም።

እሑድ፣ ሐምሌ 13።

ከቢኒ ጋር ተጣላን፣ የምር። የቡቲኩን ደብዳቤ ውሰጂ አለ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሄደው፤ ጻድቅ ነኝ ብለሽ እዚሁ ቅሪ። የመኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፣ በየዓመቱ ያንን ውሸት ላሳድስ ነው? አልኩት። ይሄኛው ዓመት ካመለጠሽ ሌላ የሚሰጥሽ ማነው? አለ። በሩን ደረገምኩት።

ግን ወስኛለሁ። ለአማካሪው፦ አልፈልግም። ለኤምባሲው፦ እነዚያን ስምንት ዓመታት አልኖርኳቸውም፣ የልደት ወረቀቴን እያሳረምኩ ነው። ለዩኒቨርሲቲው፦ መቀመጫዬን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር አዛውሩልኝ። ሦስቱንም ላክሁ። እምቢ ካሉ መስከረም ሄዷል።

አንድ ይቀረኛል። ቪዛ የሚጠብቁ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይሄን እለጥፋለሁ፦

“በልደት ወረቀታችሁ ላይ የኛው ዓ.ም. በፈረንጅ ቦታ የተጻፈባችሁ፣ አንድ በአንድ ስንሄድ ጥፋቱ የኛ ነው እየተባልን ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የጉለሌ ልጆች ወረዳችን በር ላይ እንገናኝ። ማመልከቻውን አብረን እንጽፋለን፣ አብረን እንገባለን። ትመጣላችሁ? አሁኑኑ መልሱልኝ።”