ስድስት ዓመት ብቻ የሞላው መጋረጃ

ለተከበሩ ኢንጂነር ቮልፍራም ዜልባህ
የሀይደንብሩክ ከተማ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት መጋረጃዎች ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ብቻ ሆኖ መገኘቱን ለከተማችን ሕዝብ የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ቀለማቸው ቡናማና ብርቱካናማ ሲሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሙሉ ጤንነት ላይ ነበሩ። እርስዎም በሙሉ ጤንነት እንዳሉ፣ ወገብዎም ከመኪናዬ ሥር ተንፏቀው ከወጡ ወዲህ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳ፣ እኔ ኤካርት ፎስቪንክል ጡረታ የወጣሁ ጣሪያ ሠሪ ነኝ። መኪናዬ የሃምሳ ስምንት ዓመት ባልቴት ናት። በወጣትነቷ እሳት አጥፊ ነበረች፤ አራቱም ጎማዋ ስለሚጎትት ጭቃ አይበግራትም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ዳቦ ጋጋሪ የውሃ በርሜሏን አውርዶ አልጋና ምድጃ ያለው የእንጨት ቤት ጫነባት። እኔና ባለቤቴ ሮስቪታ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝገቷን ስንፍቅ፣ ላሜራ ስንበይድ፣ ባሌስትራዋን ግራሶ ስናጠጣ ኖረናል። የቀረን እርስዎ የሚሰጡት የቅርስ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ያለዚያ ሰሌዳ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ጭስ ወደተከለከለበት የከተማው ክልል አይገባም፤ የኛ ቤት ደግሞ ክልሉ ከሚጀምርበት ምልክት ሦስት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ለማግኘት መኪናዋም፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ቤትም ከነዕቃው ሠላሳ ዓመት መሙላት አለባቸው።

ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ መዶሻዎ። መኪናዋ ከክልሉ ውጪ እስከቆመችበት መጋዘን ድረስ መጥተው ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀጠቅጡ ቆይተው አንዲት የዝገት ቀዳዳ በማጣትዎ ፊትዎ ላይ ያየሁትን ቅሬታ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የሰባት ዓመት ድካሜ ዋጋ እሱ ነውና አመሰግናለሁ። ብዕርዎን ከኪስዎ አውጥተው «እንዲህ ያለች ንጹሕ አሮጊት አይቼ አላውቅም» ማለትዎም ተመዝግቧል።

2ኛ/ ስለ ፋይሌ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ባለቤቴ እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በፊት ስለምታስታውሰኝ አልክድም። ብዕርዎ ወረቀቱን ሊነካ ሲል «ፋይሉንስ ሳያዩት?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሮስቪታ እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ግን የተለወጠችው እያንዳንዷ ብሎን ከነፎቶዋ፣ ከነቀኗ የተቀመጠችበትን የሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ሥራ ሳያዩልኝ እንዲሄዱ ልቤ አልቻለም። ቁጭ ብለው አነበቡት። ያንን ፋይል ያነበበ ፍጡር እርስዎ ብቻ ስለሆኑ እንደ ወንድሜ ነው የማይዎት። ገጽ አርባ አንድ ላይ ጣትዎ ቆመ።

«መጋረጃው የስድስት ዓመት ነው ይላል» አሉ።

«አዎ፣ የተሰፋበት ቀን ሳይቀር አለ» አልኩ፤ ያውም በኩራት።

ከተማችንን ከስድስት ዓመት መጋረጃ አደጋ ስለታደጓት ነዋሪው ሁሉ ባለውለታዎ ነው።

3ኛ/ ስለ ዕድሜ አቆጣጠር። ሮስቪታ ጨርቁ የእናቷ የጠረጴዛ ልብስ እንደነበረና እሷ ሳታገባ የተገዛ መሆኑን ስታስረዳዎ «የሚቆጠረው ስፌቱ ነው፣ ወይዘሮ ፎስቪንክል» ብለው መለሱላት። እሷም «እንግዲያውስ አቶ ዜልባህ፣ እርስዎ አምና ሁለት ጥርስ አስተክለዋል አሉ፤ ዕድሜዎን ከየቱ እንቁጠርልዎ?» አለች። ይህ ከደንቡ ውጪ የተሰነዘረ ጥያቄ ስለነበር በስሟ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷ ራሷ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ጠይቂ የሚላትም ሰው እስካሁን አልተገኘም።

4ኛ/ ስለ ኅዳር። መጋረጃውን እዚያው ልገነጥለው ስነሳ፣ ያን ጊዜ መኪናዋ ከፋይሉ ጋር እንደማትስማማ፣ የተስተካከለ ፋይል አዲስ ምርመራ እንደሚሻ፣ አዲስ ምርመራም ከኅዳር አሥራ ስምንት በፊት እንደማይገኝ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ለትዕግሥትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ችግሩ፣ ድንች ኅዳርን አይጠብቅም። መኪናዋ ከክልሉ ውጪ በገበሬው ኩኖ መጋዘን ቆማለች። ኩኖ ደግሞ «ስማ ኤካርት፣ ቅዳሜ ድንቼ ይገባል። ወይ እሷን ታወጣለህ ወይ ድንቹን ሳሎንህ እዘረግፈዋለሁ» ብሎኛል፤ ሰውየው ቀልድ አያውቅም። ሌላ ማቆሚያ ፈልገን አጣን። እንሽጣት ብንል የተገኘው ገዢም አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አልጋውን ነቅሎ፣ ጎኗን በመጋዝ ከፍቶ ቋሊማ መሸጫ ሊያደርጋት አስቧል። ሮስቪታ ይህን ስትሰማ መጋዘኑ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ ዋለች። ክቡር ሆይ፣ ባለቤቴን በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ዝም ብላ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ከቅዳሜ በፊት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። መዶሻውን ይዘው መምጣት ይችላሉ። ፋይሉን ግን እቤት ትቼው እንደምመጣ በክብሬ ቃል እገባለሁ፤ ለኔ ይህ ቀላል ቃል አለመሆኑን ገጽ በገጽ ያነበቡኝ እርስዎ ይረዱታል።

የመዶሻዎ አድናቂ፣ የብዕርዎ ደጅ ጠኚ፣ ለአዳዲሶቹ ጥርሶችዎ ረጅም ዕድሜ ተመኚ፣

ኤካርት ፎስቪንክል

እርማት፦ ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የደረሰ። ከላይ በተራ ቁጥር አራት መኪናዋ «ከክልሉ ውጪ በገበሬው ኩኖ መጋዘን ቆማለች» ተብሎ የተገለጸው ትክክል አይደለም። ከዛሬ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምሮ በጣቢያዎ ግቢ፣ በደንበኞች ማቆሚያ፣ የኩኖ ተጎታች ላይ ተጭና ትገኛለች። የጎተታት ትራክተር ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥና ሦስት እጥፍ የሚያጨስ ቢሆንም፣ ደንቡ ለእርሻ ትራክተር ክልሉን ስለሚፈቅድ የተጣሰ ሕግ የለም፤ የእሷ ሞተር አንዴም አልተነሳም። መጋረጃ የለባትም። ሮስቪታ የሹራብ ሥራዋን ይዛ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የኅዳር አሥራ ስምንቱ ቀጠሮ እንደጸና መሆኑን እያረጋገጥን፣ ለእሱ ትንሽ ቀደም ብለን መድረሳችን እንዲታወቅልን በትሕትና እንገልጻለን።