የፖሟ ሥር

ልጄ ማሬይከ፣ ጌታ ባለሽበት ይጠብቅልኝ። ከቤት ከወጣሽ ይኸው ስድስት ወር ሞላሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ካልዘነበ ዝም ይላል።

የቦዩ ዳር ሊጠገን ስለሆነ አባትሽ የተከላትን የፖም ዛፍ ወደ ጓሮ ማዛወር ግድ ሆነብኝ። ቸኩዬ ስቆፍር ትልቁ ሥሯ ተበጠሰ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዕድሜ ልካቸውን ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩት ጎረቤታችን ኔልቸ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ድልድዩን ተሻግረው መጡ።

“ተነሺ አንቺ አልቃሻ፣ መቀስ አምጪ!”

የተበጠሰውን ሥር ጫፍ በቢላ አስተካከሉት። ከዚያ በመቀሱ ቅርንጫፎቿን ሲሶ ያህል ገረዙ፤ እምቡጦቿንም አንድ ሳያስቀሩ ለቀሙ።

“ምነው አበባውን እንኳ ቢተዉላት?” አልኳቸው።

“የተጎዳ ሥር ይህን ሁሉ ከየት ያበላል? ዘንድሮ ሥር ትስደድ፤ አበባው ይደርሳል።”

እጃቸውን ብታዪው! እኔ ቅጠሉን ሳይ እሳቸው አፈር ውስጥ ያለውን ያያሉ። አሁን ለምልማልሻለች።

ትናንት ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ሥራው፣ የማታው ትምህርት፣ መዘምራኑ፣ ቀዘፋው፣ የውኃ ዋናው፣ አዲሱ ቋንቋ፤ የያዝሽውን ሁሉ በጣታቸው ቆጠሩና “ስድስት! ሁለቱን ትቁረጥ በያት” አሉ። እስቲ ልጄ፣ የትኞቹን እንደተውሽ ጻፊልኝ።

ጌታ ሥርሽን ያጽናልኝ። ዘንድሮ አበባ የሚጠይቅሽ የለም።

እናትሽ ሄንድሪከ