የጭቃ ዳቦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ማድ ቤት ተደብቀን በላን፤ እኔና ሚጢጢ። በሩን ዘግተን፣ ቆመን። እንቁላል በዳቦ። ልጄ ድምፅ ሳታሰማ ማኘክ ለምዳለች... የሰባት ዓመት ልጅ እንደ ሌባ ስትበላ!

ባሌ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ወዲህ በአፉ ምንም አይወስድም። ምግቡ ፈሳሽ ነው፤ ሆዱ ላይ በተተከለ ቱቦ ይገባል። ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሲጋግር የኖረ ሰው። ፊቱ እንዴት ብዬ እጎርሳለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሚጢጢ ሸክላ ጭቃ አስገዛችኝ። እሳት አይፈልግም፤ አየር ላይ በራሱ ይደርቃል። ለእቃቃዋ የምግብ ሱቅ ልትከፍት ነው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ...

ደነገጥኩ። “መኝታ ቤት ሆነሽ ሥሪ” አልኳት። ማን ሰምቶኝ! ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። የመጀመሪያ ዳቦዋ ድንጋይ መስሎ ቁጭ አለ። አባቷ ከሶፋው ላይ ሲያያት ቆየና በዚያች በቀረችው ሹክሹክታ፣ “ይሄንን ማን ይገዛሻል? ጥርስ ይሰብራል” አላት።

“እንግዲያው አንተ ሥራዋ!”

ተነሣ። እጁን ታጠበ። ለጭቃ እጁን ታጠበ...

ማሸት ሲጀምር ትከሻው እንኳ ቀና አለ። “አትቸኩዪ። ሊጡ ሲበቃው ራሱ ይነግርሻል።”

“አባዬ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው!”

ሳቀ። መጨረሻው ሳል ሆነ እንጂ፣ ሳቀ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጠረጴዛው ገበያ መስሏል። እኔም ሙዝ ሠራሁ። “ጣት ነው” ብለው ሳቁብኝ። ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጠቀ። “ውሃ አብዝተሽ ነው” አለኝ ጋጋሪው። ቀለሙን ሦስታችንም ቀባን።

ሲመሻሽ ሚጢጢ አንዱን ዳቦ በሳህን አቀረበችለት። “ብላ አባዬ። ውሸት ስለሆነ አያምህም።”

ክው አልኩ። እሱ ግን ወደ አፉ አስጠጋው። የገመጠ መስሎ አላመጠ፣ አላመጠ... “ጨው ያንሰዋል” አላት።

ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁ። እጄ ላይ አንድም ልብስ አልነበረም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ያዘኝ። ከማድ ቤት ስወጣ፣ “ምን በላችሁ?” አለኝ።

“ምንም።”

“ሽንኩርቱ እዚህ ድረስ ይሸታል። የተቆረጥኩት ጉሮሮዬን ነው፣ አፍንጫዬን አይደለም።” ከዚያ ድምፁ ወረደ። “ባልበላም ገበታው ላይ ልቀመጥ። በቁሜ ከቤቴ አታስወጡኝ።”

በቁሜ... የተደበቅኩት ለእሱ ነበር? ወይስ ለራሴ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አብሮን ቀረበ። ሩዝ ሠርቼ ነበር። አንዴ ጎርሼ ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

“ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል። እንዴት ነው?”

“ገንፎ ሆኗል።”

“ድሮስ መቼ ሩዝ ሆኖልሽ ያውቃል!”

ሚጢጢ ትን አላት፣ በሳቅ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ።

ቤት ስገባ ጭቃ ይዘዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጭቃው አልታዘዝ ብሎታል። ሚጢጢ እጆቿን ከእጆቹ ሥር አስገብታ ታድቦለቡላለች። “አየህ? አንተ እኮ ነህ የሠራኸው” ትለዋለች። ማን አስተማራት እንዲህ መዋሸት? እኔ ነኛ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ጠዋት አረፈ። እጁን ይዤ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ምግብ ይቀርባል፣ ምግብ ይነሣል። ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሾርባ ይዛ መጣች። “ለልጅሽ ስትዪ ቅመሺ።” ሁሉም ይሄንኑ ይላል። ሰልችቶኛል። እሺ ብዬ ሸኘኋት።

ሚጢጢ ሾርባውን በሁለት ሳህን ቀድታ ጠበቀችኝ። እንዳይከፋት ተቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ... ሌላ... ልብ ስል ሳህኑ ባዶ ነው። መቼ ጨረስኩት?

ርቦኝ ነበር። እንደ ሰው ርቦኝ ነበር! አፈርኩ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ሾርባ ጣፈጠኝ? እንባዬ መጣ፤ ረሃቡ ግን ለእንባ ብሎ አልሄደም።

“እማዬ፣ ልጨምርልሽ?”

ጨምሪልኝ አልኳት።