ከኑሩ ጋር አቻ

ዓርብ፣ መጋቢት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሞጣ

ደክሞኛል። የዛሬው የቼዝ ጨዋታ አቻ ወጣ፤ ቡድናችን ቢቸናም ከውድድሩ ተሰናበተች። የሚያሳልፈን የኔ ማሸነፍ ብቻ ነበር።

የገጠመኝ ኑሩ ነው፤ ከወሎ ተመድቦ እዚህ ሞጣ የሚሠራ ወጣት ነርስ። ገና ከጅምሩ ወታደሮቹን ከወታደሮቼ ጋር አፋጥጦ መሐሉን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሥራችን ፈረሶቻችንን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ብቻ ሆነ። በስተመጨረሻ አንዱን ፈረስ ሠውቼ መግባት እንደምችል ታየኝ። ግን ጾም ነው፤ እህል ውሃ አልቀመስኩም። ሦስተኛውን እርምጃ ሳስብ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። "አቻ ይሁን?" አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ።

የቡድናችን አለቃ ታደሰ ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። ማታ ሲጠይቀኝ "ጾሙ ነው ያደከመኝ" ልለው አሰብኩ።

ኑሩ ከመቀመጫው አልተነሣም። ከወንበሩ ሥር ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ አየሁ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"ምነው አትጠጣም?" አልኩት።

"ቅዳሴው ይውጣ እንጂ፣ ጋሼ። እርስዎ ፊት እንዴት ብዬ?"

"ቁርስስ?"

"እኔም አልበላሁም። እርስዎ ጾመው እኔ ጠግቤ ባሸንፍዎት ምን ደስ ይለኛል?"

ከቅዳሴ የወጣው ሰው በመስኮቱ ሥር ማለፍ ሲጀምር ጠርሙሱን ከፍቶ መጀመሪያ ለኔ ሰጠኝ።

አሁን የታደሰ ድምፅ ካረፍንበት ቤት በረንዳ ይሰማኛል። ምን ልበለው?