«ምሳሌ አስታማሚ» የተባልኩበትን የምስክር ወረቀት ስለ መመለስ

ለቤት ለቤት ሕሙማን ክትትል ክፍል፣
ለክቡር ኃላፊው፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ እንደምን እንደ ሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ስለ አስታማሚዎች ዕረፍት አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆመው ሲያስተምሩን፣ ሁለት ጊዜ ወገብዎን ያዝ አድርገው ፊትዎን ቅጭም ሲያደርጉ አይቼ ተጨንቄ ነበር። ሰው ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚውል ሰው የሌላው ወገብ መታመሙ ቶሎ ይታየዋልና አይፍረዱብኝ። ፈጣሪ ያሽልልን።

እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ መድረክ ላይ የወጣሁትና ከእጅዎ «ምሳሌ አስታማሚ» የሚለውን የምስክር ወረቀት ከነወርቃማ ፍሬሙ የተቀበልኩት ሴት ነኝ። የጡረተኛው አናጢ ልጅ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ ግራጫ ሹራብ የለበስኩት። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጭብጨባውም በግልጽ ስለነበረ ነው፤ በአደባባይ የተጨበጨበለትን ነገር በጓዳ ማስተባበል ነውር መሰለኝ። የነውሩን ዝርዝር ደግሞ፣ ክፍልዎ ሥርዓት እንደሚወድ ስለማውቅ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ቅጽዎ ውበት። አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ትዝታቸውም እንደ ሰፈራችን መብራት ሄድ መጣ ይላል። ክፍልዎ «የዕለት ተግባርና የደኅንነት ሚዛን» የተሰኘውን ቅጽ በየወሩ እየሞላሁ እንድመልስ በላከልኝ ጊዜ፣ ከማድነቄ ብዛት ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ። ሃያ አራቱ ሰዓት በአራት ቀለም ተከፍሎ፣ ሰማያዊው ለእንቅልፍ፣ ቢጫው ለሥራ፣ አረንጓዴው ለሕመምተኛው፣ ሮዙ ደግሞ «ለራስ» ተብሎ ተሰምሯል። ከሥሩም ድምሩ ሃያ አራት ያልሆነ ቅጽ ተቀባይነት የለውም የሚል ማሳሰቢያ ሰፍሯል። የመጀመሪያውን ቀን በቅንነት ሞላሁት። አባቴን ማጠብና ማልበስ፣ ማብላት፣ ክኒናቸውን መፍጨት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ከወንበር ወደ አልጋ፣ ልብሳቸው ከረጠበ እንደገና ከመጀመሪያው፣ ግማሽ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ምጣዱና ድስቱ፣ ከዚያ አንሶላው። ስደምረው ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ወጣው። መዝገብ ቤት ነኝና ሁለቴ ደመርኩት። ያውም ሮዙን ባዶ ትቼ ነው። ያን ወረቀት አልላክሁትም። አንዱን ሥራ በአንዱ ላይ ደርቤ ስለምሠራ ይሆናል፤ ለባለሙያዎችዎ የሚከብድ ስሌት ስላልሆነ ለእነርሱ ትቼዋለሁ።

፪ኛ፦ ስለ እኔ ሙያ። ቅሬታ አቅራቢ የራሱን ጥፋት ከቅሬታው መሐል ሲቆጥር አልተለመደም፤ ዘንድሮ ይለመድ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል የጎደለውን መዝገብ አሟልቶ ማቅረብ ነው። ጎዶሎ ቅጽ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሠላሳውንም ቀን ቅጽ በአንድ ቁጭታ ሞልቼ እነሳ ነበር። አንድ ዓይነት እንዳይሆን ሦስት እስክሪብቶ አፈራርቄያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የደከመው ሰው እንዲመስል ጽሕፈቴን አዘንብዬያለሁ። አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የዋለ ወረቀት እንዲመስል፣ ጥቂት ሻይ አፍስሼበታለሁ። እንቅልፍ ሰባት ሰዓት ተኩል። ለራስ፦ መጽሐፍ ማንበብ፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወት። ወዳጄ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት፤ መሥሪያ ቤት በምውልበት ግማሽ ቀን የስፌት መኪናዋን ሳሎናችን አምጥታ እየሰፋች አባቴን ትጠብቅልኛለች። ጨዋታችንም በር ላይ ቁልፍ ስንቀባበል «በሉ?»፣ «በሉ» የምንባባለው ነው።

ለምን ዋሸሽ ቢሉኝ፣ አፍሬ ነው። ባዶ ሮዝ ሳጥን ማስረከብ አሳፈረኝ። የገዛ አባቷን ማስታመም ያቃታት ተብዬ በመዝገብ እንዳልቀመጥ ፈራሁ፤ መዝገብ የገባ ነገር እንደማይወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ወንድሜም በየእሑዱ ከሩቅ እየደወለ «አንቺማ ጎበዝ ነሽ» ሲለኝ፣ ጎበዝ አይደለሁም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ቅጹም እንደ ወንድሜ ነው፤ መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው።

፫ኛ፦ ስለ እግር ጉዞው። በቅጹ በአሥራ ሰባተኛው ሳጥን፣ አስታማሚው በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሠላሳ ደቂቃ ብቻውን በእግሩ እንዲጓዝ ታዝዟል። «ብቻውን» የሚለው ተሰምሮበታል። በእነዚያ ሠላሳ ደቂቃዎች ሕመምተኛው የት እንደሚቀመጥ ፈልጌ አጣሁ። ከጀርባው ተጽፎ ይሆናል ብዬ ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ ያለው የማተሚያ ቤቱ ስልክ ነው።

በሁለተኛው ወር አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ እውነት ልጻፍ አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ቤቷ ሄዳለች። አባቴን አብልቼ፣ ወንበራቸው ላይ አደላድዬ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወጣሁ። በሩን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ቤቱ ሲሠራ ሌላውን ሁሉ ለሠራተኛ ሰጥተው በሩን ግን ለማንም አልሰጡም ነበር። ሠላሳው ደቂቃ ሁለት ሰዓት ሆነ። የአውቶቡስ መነሻው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ሰዎች ማንም ክንዳቸውን ሳይዛቸው ሲወርዱና ሲሳፈሩ አይ ነበር። ደስ አለኝ። ይህንን መጻፍ አለብኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። አባቴን ረሳኋቸው።

ስመለስ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን ወደ ውስጥ አልሄድ አለ። ትከሻዬን አስገብቼ ገፋ ሳደርገው አባቴ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የታችኛውን ማጠፊያ በማንኪያ እጀታ፣ በግራ እጃቸው፣ ፈተውታል። አራቱን ብሎኖች እንደ ደንባቸው አጠገባቸው ደርድረዋል። ማንኪያው ተጣሟል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ደምቷል፤ ሱሪያቸው ርሷል። ቀና ብለው አይተውኝ አንቱ አሉኝ። ይቅርታ እመቤቴ፣ በርዎን ላበላሽ አይደለም፣ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ልቀበላት ብዬ ነው አሉኝ። በሩን የሠራው ሰው ግን ባለሙያ ነው፣ አልፈታልህ አለኝ ብለው ጨመሩ፤ ይህንንም ያሉት በአድናቆት ነበር።

ጣታቸውን አጥቤ አሰርኩላቸው፤ ሱሪያቸውን ቀየርኩ። ማታውኑ አሥራ ሰባተኛውን ሳጥን አውጥቼ የቀደመውን ሰርዤ «ተራመድኩ፤ ልቤ ቀለለኝ» ብዬ ጻፍኩ። ክቡር ኃላፊ፣ ከዘጠና ቀን ወረቀት ውስጥ እውነት የሆነው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። ያሳፈረኝም ውሸቱ ሳይሆን እሱ ነው።

፬ኛ፦ ስለ ማክሰኞ። በየማክሰኞው ከክፍልዎ የምትመጣ አንዲት ሲስተር ነበረችን። አባቴን ገላቸውን ታጥብልኛለች፣ ጀርባቸውንና ወገባቸውን ቁስል እንዳይጀምር አገላብጣ ታያለች፣ እኔንም ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ትዘጋብኛለች፤ እኔም ኩሽና ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት እተኛለሁ። ሮዝ ሳጥን ማለት ይሄ መሆኑን ያኔ ባውቅ ኖሮ እጽፈው ነበር። ከዚያ ሐሙስ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ሲስተር የታሰሩትን ጣቶች አይታ ምን ነካቸው አለችኝ። ስንጥር ወጋቸው አልኳት። አዲስ ብሎን የገባበትን ማጠፊያ ትንሽ አየችና ፎጣዋን አነሳች። እንደገና ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር ብዬ ራሴን እደልላለሁ፤ አልነግራትም ነበር።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ከክፍልዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቅጾቼ ለሦስት ተከታታይ ወራት ፍጹም ሚዛን ስላሳዩ ቤታችን ከክትትል በክብር መሰናበቱን፣ ሲስተርም እርዳታ ወደሚያስፈልገው ቤት መመደቧን ያበሥራል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ፤ በቅሎዋ እኔ ነኝ። ክፍልዎን የማመሰግነው ግን ስለ ጥንቃቄው ነው። አንድ ሰው ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲተኛ፣ ሰባት ሳይሆን፣ ስምንትም ሳይሆን፣ ከባለሙያዎችዎ አንዱም ሳይገረም በማለፉ፣ እንቅልፉ የእኔ ሳይሆን የክፍሉ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገምቻለሁ።

ሲስተር ከቀረች ስድስት ሳምንት ሆነ። ትናንት ጠዋት አባቴን ሳገላብጥ ከወገባቸው በታች የሳንቲም ያህል ቀይ ምልክት አገኘሁ። ስነካው ተሳቀቁ።

፭ኛ፦ ስለ ግድግዳው። ይህ አጭር ነው። ከትናንት በስቲያ የአባቴን መድኃኒት ልወስድ መጥቼ ከክፍልዎ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ወረፋ ያዝኩ። ግድግዳው ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል፤ ስፖርት ጫማ ያደረገች ሴት እየሳቀች፣ ከሥሯ በትልቁ «ተራመድኩ፤ ልቤ ቀለለኝ — ከምሳሌ አስታማሚ» የሚል። ከጎኔ ባሏን በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ ሴት ቆማ ነበር። ጽሑፉን ደግማ አነበበችና የራሷን ጫማ ቁልቁል አየች። ቀጥላም ለማንም ሳይሆን፣ ሰው እንዲህ ይችላል፣ እኔን ምን ነክቶኝ ነው አለች። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የወጣሁት አባቴን ቆልፌባቸው ነው፣ ባልሽን ቆልፈሽ አትውጪ ማለት ነበረብኝ። ወረፋዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ያችን ሴት እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ያወጣሁት ምናልባት ታነበው ይሆናል ብዬም ነው።

እንግዲህ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፣ በሙሉ ትሕትና የምጠይቀው እንደሚከተለው ነው። ቅጾቼ ከዚያ አንድ መስመር በቀር በሙሉ ሐሰት መሆናቸው በመዝገብ ይያዝልኝ፤ የሚያስቀጣም ከሆነ ቅጣቱ በእኔ ስም ይጻፍ እንጂ በአባቴ አይሁን። ፖስተሩ ይውረድ። ማክሰኞም ይመለስልን። ቀዩ ምልክት ቁስል ከመሆኑ በፊት የሚያውቅ ዓይን እንዲያየው እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ በሩን አልቆልፍም ብዬ ልምልልዎ አስቤ ነበር፤ ብዙ ወረቀት ላይ ዋሽቼብዎታለሁና በዚህኛው ላይ አልደግምም። ማክሰኞ ካልተመለሰ ልቆልፍ እችላለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አራቱ ቀለማት፣ ስለ ጭብጨባውና ስለ አርባው ደቂቃ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበርዎ የሚደላ፣ ወገብዎ የማይከዳዎ፣ የሚሞሉልዎ ቅጾችም ሁልጊዜ ድምራቸው ሃያ አራት የሚሆን እንዲሆን እመኛለሁ።

ከኀፍረት የተረፈውን አክብሮት ሁሉ በማቅረብ፣
የአናጢው ልጅ፣
በክብር ከክትትል የተሰናበተው ቤት

ማስታወሻ፦ የምስክር ወረቀቱ ከዚህ ጋር ተያይዞ ተመልሷል፤ ፍሬሙ ግን ለጊዜው እኛ ዘንድ ነው። አባቴ ተቀብለውኝ ማዕዘኑን በግራ እጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ ላዩን ወርቅ ቀብተውት ነው እንጂ ውስጡ አልተገጣጠመም፣ ኮላ ነው የያዘው አሉ። በአውራ ጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት አራት ቦታ ተለያየ። ይህን የሠራው ማን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ የክፍልዎን ስም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሰውየው ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ፣ እንዴት እንደሚገጠም አሳየዋለሁ ብለዋል። አራቱ እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ እየጠበቁዎት ነው፤ ለአባቴ ማክሰኞ ይመቻቸዋል።